ፕሮቲኑ ከሚኖርበት ሳይወጣ

በመማሪያ መጻሕፍት የሚሣለውን ሴል አይታችሁት ይሆናል። ሰፊ ነጭ ሜዳ፣ መሐሉ ላይ ኒውክሊየስ፣ እዚህና እዚያ ጥቂት ማይቶኮንድሪያ፣ የተረፈው ባዶ ቦታ ነው። ሥዕሉ ለጀማሪ ይጠቅማል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁ መጠን ያንን ነጭ ሜዳ መቀበል እያቃተኝ መጥቷል። በሴል ውስጥ ነጭ ሜዳ የለም። ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ በሊትር ከ300 እስከ 400 ግራም የሚደርስ ፕሮቲን፣ አር.ኤን.ኤ. እና ሌላ ግዙፍ ሞለኪውል ታጭቆ ይገኛል። ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ከፍታውም አንድ ማይክሮሜትር በሆነ ቦታ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ይኖራሉ። በአንዱና በጎረቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከፕሮቲኑ ስፋት አይበልጥም።

ይህ ጥግግት ፕሮቲኑ የሚያደርገውን ነገር ሁሉ ይነካል። ከጄሊፊሽ የተገኘው አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን በውኃ ውስጥ ሲንሸራሸርና በኢ. ኮላይ ውስጥ ሲንሸራሸር ተለክቶ፣ በባክቴሪያው ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ዝግ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የሚዘገየው ቦታው ስለጠበበ ብቻ አይደለም። በመንገዱ ላይ ያሉት ሞለኪውሎች ይነኩታል፣ ለአፍታ ይይዙታል፣ ይለቁታል። የፕሮቲኑ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ከእነሱ ሙል ጋር ይሳሳባል ወይም ይገፋፋል። ውኃ የሚሸሽ የገጹ ክፍል ሌላ ውኃ የሚሸሽ ገጽ ሲያገኝ ይጠጋዋል። ስለዚህ አንድ ፕሮቲን በሕይወት ዘመኑ አንዲት ቅጽበት እንኳ ብቻውን አይሆንም።

ሥራዬ ይህንን ብቻውን የማይሆን ፕሮቲን ካለበት ሳላወጣ መለካት ነው። በሕያው ሴል ውስጥ ሳለ ምን ቅርጽ እንደያዘ፣ ከማን ጋር እንደተጣበቀ፣ የሚያስፈልገውን ብረት (እንደ ዚንክና መዳብ ያለውን) አግኝቶ እንደሆነና እንዳልሆነ እጠይቃለሁ። ሥራው አዝጋሚና አድካሚ ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነው። ሆኖም ፕሮቲን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ድካም ማምለጫ የለውም ብዬ አምናለሁ። ይህንን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ እምነት ምክንያቶቼን ለማስረዳት ነው።

የፕሮቲንን ቅርጽ መጀመሪያ ያወቅነው ከሴል አውጥተን መሆኑን መካድ አይቻልም። ጆን ኬንድሩ እ.ኤ.አ. በ1958 የማዮግሎቢንን ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳይ ፕሮቲኑን ያገኘው ከዓሣ ነባሪ ጡንቻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ማክስ ፐሩትዝ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ ለማግኘት ከሃያ ዓመት በላይ ደክሟል። ሁለቱም በ1962 የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተካፈሉ። ከዚያ ክርስቲያን አንፊንሰን ራይቦኑክሊዬዝ የተባለውን ፕሮቲን እጥፋቱን ፈትቶ እንደገና በራሱ ጊዜ ወደ ትክክለኛ ቅርጹ ሲመለስና ሥራውን ሲቀጥል አሳየ። ቅርጹን የሚወስነው ፕሮቲኑ እንደ ሰንሰለት የተቀጠለባቸው የአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ነው ማለት ነው። አንፊንሰን በ1972 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ለዚህ ነው። እኔም ዛሬ ድረስ ፕሮቲን አጣራለሁ፤ ሳላጣራ የማውቀው ፕሮቲን የለኝም። ነገር ግን ማጣራት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላፍታ እናስብ። ሴሉን እንሰብራለን፤ ፕሮቲኑን አብሮት ከኖረው ሁሉ እንለያለን፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ዓይነት ጨው ባለበት፣ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) በተስተካከለ ፈሳሽ ውስጥ እናኖረዋለን። ሰውን ከቤተሰቡ፣ ከጎረቤቱና ከሥራ ባልደረቦቹ ለይቶ በባዶ ክፍል ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ስለ ኑሮው እንደ መጠየቅ ነው። የሚሰጠው መልስ እውነት ነው። ግን ከኑሮው ብዙው በዚያ መልስ ውስጥ የለም።

ተማሪዎች አሁን አሁን ደጋግመው የሚጠይቁኝ ሌላ ጥያቄ አለ። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በ2020 የፕሮቲንን ቅርጽ ከቅደም ተከተሉ ብቻ በሚያስደንቅ ትክክለኛነት መተንበይ እንደሚችል አሳየ። በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ የተተነበዩ ቅርጾች ለማንም ሰው ክፍት ሆነው ቀረቡ። ሥራውን የመሩት ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ አዳዲስ ፕሮቲኖችን በኮምፒውተር ከሚነድፈው ከዴቪድ ቤከር ጋር በ2024 የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀበሉ። «እንግዲህ ቅርጹ ከታወቀ ምን ቀረ?» ይሉኛል። ጥያቄው ቅን ስለሆነ በቅንነት እመልሳለሁ። እኔ ራሴ አዲስ ፕሮቲን በያዝሁ ቁጥር መጀመሪያ የምከፍተው ያንን ትንበያ ነው፤ ወራት የሚፈጅ ሥራ አስቀርቶልኛል። ግን ትንበያው ፕሮቲኑ ሊይዝ የሚችለውን ቅርጽ ነው የሚያሳየኝ። በዚህ ሴል፣ በዚህ ሰዓት፣ ከፕሮቲኑ ቅጂዎች ስንቶቹ በዚያ ቅርጽ ላይ እንዳሉ፣ ስንቶቹ ገና እንዳልታጠፉ፣ ስንቶቹ ከሌላ ጋር እንደተጣበቁ አይነግረኝም።

ይህ ልዩነት የሰውን ሕይወት እስከ መወሰን ሊደርስ እንደሚችል ለማስረዳት ሁልጊዜ የማነሣው ሄሞግሎቢንን ነው። በማጭድ መሰል የደም ሕመም የተያዘ ሰው ሄሞግሎቢን ከሌላው የሚለየው ቤታ በተባለው ሰንሰለት ስድስተኛ ቦታ ላይ ባለ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። እዚያ መኖር የነበረበት ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ተተክቷል። ቤታ ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የተለወጠው አንዱ ነው። አንዱን የታመመ ሄሞግሎቢን ነጥላችሁ ቅርጹን ብታዩት ከጤነኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ኦክስጅንም ይይዛል፣ ይለቃልም። ነጠላውን ሞለኪውል ብቻ ያየ ሰው ሕመም አለበት ብሎ ለመናገር ይቸግረዋል።

አሁን ያንኑ ሞለኪውል ወደ ቀይ የደም ሴል እንመልሰው። በቀይ የደም ሴል ውስጥ ሄሞግሎቢን በሊትር 330 ግራም ገደማ ይደርሳል። ኦክስጅኑን ሲለቅ ቅርጹ በጥቂቱ ይለወጥና ውኃ የሚሸሸው ቫሊን በጎረቤት ሞለኪውል ላይ ካለች፣ እንደ እሱው ውኃ ከምትሸሽ ጉድጓድ ጋር ይገጥማል። ያኛውም ከሚቀጥለው ጋር ይገጥማል። እንዲህ እያለ 14 የሄሞግሎቢን ረድፎች የተጠማዘዙበት ረጅም ክር ይሠራል፤ ክሮቹ ተደራርበው ሴሉን ወደ ማጭድ ቅርጽ ይጎትቱታል፤ የደነደነው ሴል ቀጭኑን የደም ሥር ይዘጋል። ያንኑ ሄሞግሎቢን አቅጥናችሁ በቲዩብ ውስጥ ብታስቀምጡት ኦክስጅን ባይኖረውም ተሟሙቶ ይቀመጣል፤ ክር የሚባል ነገር አይታይም። ክሩ እስኪጀምር የሚወስደው ጊዜም በጥግግቱ ላይ በእጅጉ የተመሠረተ ነው፤ ጥግግቱ ጥቂት ከፍ ሲል ጊዜው በብዙ እጥፍ ያጥራል። ሕመሙ እንዲነሣ የተለወጠው አሚኖ አሲድ፣ የኦክስጅኑ መሄድና ያ ሁሉ ጎረቤት አንድ ላይ መገናኘት አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ሙከራ ሕመሙን አያሳይም።

ወደ ራሴ መሣሪያ ልመለስ። የምሠራው በኤንኤምአር ነው፤ የኤምአርአይ ምርመራ ያደረገ ሰው መሠረተ ሐሳቡን በአካሉ ቀምሶታል። በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ የተቀመጡ የአተም አስኳሎች በሬዲዮ ሞገድ ሲነኩ እያንዳንዳቸው በአካባቢያቸው ልክ በተለያየ ድግግሞሽ ይመልሳሉ። ችግሩ በሴል ውስጥ የሚመልሰው ብዙ መሆኑ ነው። መፍትሔው የምንፈልገውን ፕሮቲን ብቻ ምልክት አድርጎ ማስገባት ነው። በተፈጥሮ ካለው ናይትሮጅን ውስጥ ከ1,000 አተሞች አራቱ ገደማ ብቻ ናይትሮጅን 15 የሚባለው ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹን መጀመሪያ በተራ ምግብ አሳድገን፣ ፕሮቲኑን እንዲያመርቱ የምናዝበት ሰዓት ሲደርስ ናይትሮጅን 15 ብቻ ወዳለበት ምግብ እናዛውራቸዋለን። ከዚያ በኋላ በብዛት የሚመረተው የእኛ ፕሮቲን ስለሆነ ምልክቱን የሚሸከመውም በአብዛኛው እሱ ነው። በሕያው ባክቴሪያ ውስጥ ያለን ፕሮቲን በዚህ መንገድ ማየት እንደሚቻል የፎልከር ዶችና የባልደረቦቹ ቡድን በ2001 ያወጣው ሥራ ለብዙዎቻችን መነሻ ሆኗል።

ናሙናው ለዓይን ብዙ የሚማርክ አይደለም። በሴንትሪፊዩጅ ቀስ ብለው የተሰበሰቡት ባክቴሪያዎች በጥቂት ፈሳሽ ይበጠበጣሉ፤ ወፈር ያለው ድፍርስ ፈሳሽ ስፋቷ 5 ሚሊሜትር በሆነች ቀጭን የብርጭቆ ቲዩብ ውስጥ በረጅም ፒፔት ከሥር ወደ ላይ ይሞላል። አረፋ እንዳይቀር ቲዩቧን በጣት መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አረፋ ካለ ማግኔቱን እኩል አድርጎ ማስተካከል አይቻልም፤ ነጥቦቹም ይደበዝዛሉ። ከዚያ ሰዓቱ መሮጥ ይጀምራል። እንዲያ ተጨናንቀው የተቀመጡት ሴሎች ኦክስጅኑን ቶሎ ይጨርሱታል፤ አሲድ ያመነጫሉ፤ ፒኤቹ ይወርዳል፤ ከታች ይዘቅጣሉ። ረጅም ልኬት የጀመረ ሰው መጨረሻው ላይ የሚለካው በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሴሎችን ነው። ለዚህ ሲባል ሴሎቹን በጄል ፍንጣቂዎች ውስጥ አስቀምጦ ትኩስ ምግብ ያለማቋረጥ እንዲፈስባቸው የሚያደርግ መሣሪያ ተሠርቷል። የሰው ሴል ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ መሣሪያ ቅንጦት አይደለም፤ ያለ እሱ የተገኘ የብዙ ሰዓት ልኬት ላይ እምነት የለኝም።

የምናየው ስፔክትረም በነጥቦች የተሞላ ካርታ ነው። ፕሮሊን ከተባለው በስተቀር እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከሰንሰለቱ አከርካሪ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ ያየው ሰው ገና ስም ሳይሰጣቸው ያውቃቸዋል፤ ግላይሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ከላይ በኩል ይሰለፋሉ፤ ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ የጎን ቅርንጫፍ ከታች በግራ ጥግ ለብቻው ይቀመጣል። በደንብ የታጠፈ ፕሮቲን ነጥቦቹ ካርታውን ሞልተው ይበተናሉ። ቋሚ ቅርጽ የሌለው ፕሮቲን ነጥቦች ግን መሐል ላይ በጠባብ መቀነት ውስጥ ይጣበባሉ። አንድ ነጥብ ትንሽ ወደ ቀኝ ሲሸሽ አይቶ፣ እዚያች ቦታ ላይ አንድ ነገር እንደተጠጋ ማወቅ የሚሰጠውን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ብዙ ጊዜ ግን ካርታው ባዶ ይሆናል። ይህንን ለአዲስ ተማሪ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ምክንያቱም ሳይዘጋጅ የሚያገኘው ሰው ሙከራው የከሸፈ ይመስለዋል። ፕሮቲኑ በሴሉ ውስጥ በብዛት አለ፤ በሌላ ዘዴ ብንመረምረው ይታያል፤ በኤንኤምአር ግን አንዲት ነጥብ የለም። ከዚያ ያንኑ ናሙና ሴሎቹን ሰብረን ፈሳሹን አቅጥነን ስንለካው፣ ነጥቦቹ በሙሉ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ምን ሆነ? ኤንኤምአር ፕሮቲኑን በደንብ የሚያየው ፕሮቲኑ በፍጥነት መሽከርከር ሲችል ነው። በሴሉ ውስጥ ሳለ ግን ከግዙፍ ሞለኪውሎች ጋር እየተጣበቀና እየተላቀቀ ስለነበረ ሽክርክሪቱ ዘግይቶ፣ ነጥቦቹ እስከ መጥፋት ድረስ ተለጥጠዋል። ሳይቶክሮም ሲ የተባለው ፕሮቲን በኢ. ኮላይ ውስጥ በዚህ መንገድ እንደሚሰወር ታይቷል። የሳይቶክሮም ሲ ገጽ አዎንታዊ ሙል የበዛበት ሲሆን፣ አር.ኤን.ኤ. እና አብዛኞቹ የባክቴሪያው ፕሮቲኖች ደግሞ አሉታዊ ሙል አላቸው። በገጹ ላይ ያሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ተለውጠው የሙል ሚዛን ሲገለበጥ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች መልሰው ሊታዩ ይችላሉ።

ባዶውን ካርታ ስለዚህ እንደ መረጃ መያዝ ይገባል። ፕሮቲኑ ብቻውን እንዳልሆነ በቀጥታ የሚነግረን እሱ ነው። ኤድዊን ማኮንኪ በ1982 እነዚህን ደካማና አላፊ ግንኙነቶች አምስተኛው የፕሮቲን አወቃቀር ደረጃ ብሎ መድቧቸዋል፤ መጻሕፍት ግን ዛሬም በአብዛኛው በአራተኛው፣ የሰንሰለቶች መጣመር በሆነው ደረጃ ላይ ያቆማሉ። አምስተኛው ደረጃ በሁሉም ክፍል ውስጥ መነሣት አለበት ባይ ነኝ። ፕሮቲን ተጣርቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ያልተነገረው ተማሪ ደግሞ መጥፋቱን እንኳ አያውቅም። ነጥቦቹ የጠፉበት ሰው ሌላም መንገድ አለው፤ በትሪፕቶፋን ወይም በታይሮሲን ላይ ፍሎሪን አስገብቶ መለካት ነው። ሴል በራሱ ፍሎሪን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሚሰማው ድምፅ ከእኛ ፕሮቲን ብቻ ይመጣል። የነጥቦቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነም ሲለጠጡ እንኳ መለየት ይቻላል።

ስለ አንድ ጉዳይ ግን ጠበቅ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ስለ መፍሰስ። ሴሎች በቲዩብ ውስጥ ሲቆዩ አንዳንዶቹ ይሞታሉ፤ ፕሮቲኑም ወደ ውጭ ይፈስሳል። የፈሰሰው ፕሮቲን በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ በነፃነት ስለሚሽከረከር ምልክቱ እጅግ ጠንካራ ነው። ነጥቦችን የሚያጠፋው ያ ሁሉ ጥግግት ውጭ የለም። ስለዚህ መጠኑ ትንሽ የሆነ የፈሰሰ ፕሮቲን በውስጥ የቀረውን ብዙውን ሊሸፍነው ይችላል፤ ለካሁ ባዩ ሰው በሴል ውስጥ ያለ መስሎት ውጭ ያለውን ይተረጉማል። መቆጣጠሪያው ቀላል ነው። ልኬቱ እንዳለቀ ናሙናው ከቲዩቡ ይወጣል፤ በሴንትሪፊዩጅ ሴሎቹ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ከላይ የጠለለው ፈሳሽ ብቻውን፣ በዚያው ማግኔት፣ በዚያው ሰዓት ርዝመት እንደገና ይለካል። ጠለል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያው ነጥብ ከታየ ልኬቱ ይጣላል። ይህ ቁጥጥር ያልቀረበበትን ጽሑፍ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር እጠራጠራለሁ፤ ተማሪዎቼም የጠለለውን ፈሳሽ ሳያሳዩኝ ስለ ሴሉ እንዲያወሩ አልፈቅድላቸውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን አስገኘ ለሚለኝ ሰው ማሳየት የምችለው አለኝ። በ2009 በጃፓን ያለ የምርምር ቡድን ቲቲኤችኤ1718 የተባለን ፕሮቲን ሙሉ ቅርጽ በኢ. ኮላይ ውስጥ እያለ በተገኘ መረጃ ብቻ ሠራ፤ ከሕያው ሴል ብቻ የተነሣ የመጀመሪያው የፕሮቲን ቅርጽ ነበር። ሴሎቹ የሚቆዩት ጥቂት ሰዓት ስለሆነ ልኬቱን የሚያሳጥር ዘዴ ተጠቅመዋል። በ2016 ደግሞ ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር የሚያያዘው 140 አሚኖ አሲዶች ያሉት አልፋ ሲኑክሊን በአጥቢ እንስሳት ሴሎች ውስጥ፣ የነርቭ ሴሎችን ጨምሮ፣ ቋሚ ቅርጽ ሳይይዝ እንደሚኖር ታየ። በሴል ውስጥ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚይዝ ብዙ የተከራከርንበት ፕሮቲን ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን በፍሎረንስ የተሠራው የሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ አንድ ጥናት ነው። በአጭሩ ሶድ 1 ልበለው። 153 አሚኖ አሲዶች ያሉት ይህ ፕሮቲን ሴልን ከጎጂ የኦክስጅን ዓይነት የሚጠብቅ ሲሆን ለሥራው አንድ ዚንክና አንድ መዳብ ያስፈልገዋል፤ በተጨማሪም በሁለት የሰልፈር አተሞች መካከል መቆለፍ አለበት፤ ሁለት ሆኖም ይጣመራል። ተመራማሪዎቹ በ2013 ያወጡት ሥራ ፕሮቲኑ በሰው ሴል ውስጥ ገና ያለ ብረት ከሚገኝበት ደረጃ ተነሥቶ እንዴት እንደሚበስል አሳየ። ዚንክ ሲጨመር ፕሮቲኑ ዚንኩን ይይዛል፤ ይጣመራል። መዳቡ ግን ለዚሁ ሥራ የተመደበ ሌላ ረዳት ፕሮቲን አምጥቶ ይሰጠዋል፤ የሰልፈሩን ቁልፍም የሚዘጋው በዚሁ ረዳት አማካይነት ነው። በቀጠለው ጥናት፣ ጡንቻን ከሚያሽመደምደው የነርቭ ሕመም ጋር የተያያዙ አንዳንድ የሶድ 1 ለውጦች በሴሉ ውስጥ ዚንኩን መያዝ አቅቷቸው ቅርጻቸውን አጥተው ሲቀሩ፣ ረዳቱ ፕሮቲን አብሮ ሲበዛ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ትክክለኛው መንገድ ሲመለሱ ታየ። የበሰለው ሶድ 1 ቅርጽ ከዚያ በፊት በክሪስታል ይታወቅ ነበር። መንገዱን ያሳየው ግን ሴሉ ነው። ለመድኃኒት ሥራ ደግሞ መንገዱን ማወቅ መድረሻውን ከማወቅ ያላነሰ ዋጋ አለው።

በብርሃን የሚሠሩ ባልደረቦቼ ከእኔ የተሻለ የሚያዩት ነገር አለ። ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ከጄሊፊሽ ያገኘውን አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ማርቲን ቻልፊ በ1994 በሌሎች ፍጥረታት ውስጥ እንዲያበራ ካሳየ ወዲህ፣ ሮጀር ችየን ደግሞ በብዙ ቀለም እንዲያበራ ካደረገው ወዲህ፣ ፕሮቲንን በአንድ ሴል ውስጥ በዓይን መከተል ተችሏል፤ ሦስቱም በ2008 ኖቤል ተቀብለዋል። ሁለት አብሪዎች ከ10 ናኖሜትር በታች ሲቀራረቡ የአንዱ ኃይል ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የማስተላለፉ ፍጥነት 64 ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ፕሮቲኑ ሲታጠፍና ሲዘረጋ በቀለሙ ይታወቃል። እኔ የምጠነቀቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብሪው ራሱ 238 አሚኖ አሲዶች አሉት። 140 ባለው አልፋ ሲኑክሊን ላይ ስናጣብቀው ጭራው ከአካሉ ገዝፎ ይገኛል። አብሪው ከተለጠፈ በኋላ የፕሮቲኑ ሥራ እንዳልተለወጠ ሳይረጋገጥ የሚወጣ ውብ ምስል ለእኔ ገና ማስረጃ አይደለም።

በበረዶ የሚሠሩትም አሉ። ሴሉን የበረዶ ክሪስታል ሊፈጠር በማይችልበት ፍጥነት አቀዝቅዘው፣ ወፍራም ከሆነ በአዮን ጨረር ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ውፍረት ድረስ አሳስተው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከብዙ አቅጣጫ ያነሡታል። በ2021 ማይኮፕላዝማ ኒሞኒዬ በተባለች ትንሽ ባክቴሪያ ውስጥ ያለ ራይቦሶም (ፕሮቲን የሚሠራው የሴሉ ማሽን) በዚህ ዘዴ 0.35 ናኖሜትር ድረስ ጠርቶ ታይቷል፤ የተጣበቀበት ክሎራምፌኒኮል የተባለው መድኃኒት ጭምር። ሴሉ በዚያች ቅጽበት ይቆማል እንጂ ሕያው አይደለም፤ ቢሆንም ሁሉም ነገር ያለበት ቦታ ላይ ነው። ራይቦሶም ግን ግዙፍ ነው። ሄሞግሎቢን ከእሱ 40 ጊዜ ያህል ይቀላል፤ ያን የሚያህል ፕሮቲን በዚያ ሁሉ ጭንቅንቅ ውስጥ ለይቶ እንዲህ አጥርቶ ማየት ገና ከባድ ነው። ትንንሾቹን እኛ፣ ትልልቆቹን እነሱ ይዘን ከሁለት በኩል እየተቃረብን ነው።

አሁን ቡድናችን የሚታገለው ከብዛት ጋር ነው። ኤንኤምአር ደካማ ጆሮ ስለሆነ እንዲሰማ ፕሮቲኑን ከተፈጥሮ መጠኑ በላይ በሴሉ ውስጥ ማብዛት ይጠይቃል፤ ያኔ ደግሞ ረዳቱ፣ ብረቱና ተጣማሪው ለሁሉም አይዳረስም። ሶድ 1 መጀመሪያ ያለ ብረት የታየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑን በተለያየ መጠን እያመረትን፣ ነጥቦቹ ከመጠኑ ጋር ቦታ ይለውጡ እንደሆነ እናያለን፤ መጠኑ ሲቀንስ የማይለወጠውን ብቻ ስለ ሴሉ እውነት አድርገን እንይዛለን። ፍሎሪን ከናይትሮጅን ይልቅ በጥቂት ፕሮቲን ይሰማል፤ ስለዚህ የሚቀጥሉት ናሙናዎች ሁሉ በፍሎሪን ናቸው። ባክቴሪያ ማሳደግ የሚችል፣ ካርታ አንብቦ የማይሰለች፣ የጠለለውን ፈሳሽ ሳይጠየቅ የሚለካ ተማሪ ካለ በሩ ክፍት ነው።